አቧራ ያልበላ መኪና

ሆሊዉድ፣ ፍሎሪዳ
ኦገስት 27 ቀን 1984

ለተከበሩ አጎቴ ለኦኔዚም፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ። ወገብዎ እንዴት ሆነ? እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በዚህ ወር ሞቴሉ ባዶ ስለሆነ የበረንዳዎቹን ብረት እየፋቅኩ ቀለም በመቀባት ላይ ነኝ፤ የባሕሩ ጨው አያስቀምጥም።

ከእናቴ ጋር ያሳለፍኳቸው ሁለት ሳምንታት ጥሩ ነበሩ፤ ምንም እንኳ እርስዎን ያገኘሁት ለአንድ ምሳ ብቻ ቢሆንም። አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ላለመጻፍ ብዙ ታግያለሁ፤ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። የአባቴን ቡናማ መኪና በክሪክ አንስቼ ከስር ሳየው ደነገጥኩ። ጣት የሚያሰጥም ጥቁር ቅባት፣ በላዩም የደረቀ አቧራና ጭቃ፣ እንደ አሮጌ ጋሪ። እናቴ ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው። ከመንደሩ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ርቃ ብቻዋን ትኖራለች፤ እሑድ የቤተ ክርስቲያኑን ኦርጋን ለመምታት የምትደርሰው በዚህ መኪና ነው። መኪናው በየዓመቱ ኦክቶበር እርስዎ ጋራዥ ይገባል። አርባ ዓመት መካኒክ የነበረ ሰው እህቱን እንዲህ ባለ ቆሻሻ ላይ ያስቀምጣታል ብዬ አስቤ አላውቅም። አዘንኩ፣ ተናደድኩም።

ስለዚህ ሺኩቲሚ ከተማ ወስጄ ከስር በእንፋሎት አሳጠብኩት፤ ብረቱ እንደ አዲስ ሆነ። ከዚያም እስከ በሮቹ ጠርዝ ድረስ በወፍራም ሬንጅ አስለበስኩት። የዕድሜ ልክ ዋስትና ሰጥተውኛል። ሌላ ነገር ከነካው ግን ዋስትናው ይፈርሳል፤ ስለዚህ ዘንድሮ የዝገት መከላከያ ዘይትዎን እንዳይረጩበት በአክብሮት እለምናለሁ። ላሠራሁላት የሲሚንቶ መግቢያም እፎይታ ነው፤ የዘይቱ ጠብታ ነጠብጣብ አድርጎት ነበር።

አክባሪ የእህትዎ ልጅ፣
ሬዣን


ሳን-ቴሎ፣ ሳግኔ፣ ኩቤክ
ሴፕቴምበር 16 ቀን 1984

ለእህቴ ልጅ ለሬዣን፣

ጌታ የአባትህን የሌዮኒዳስን ነፍስ በሰላም ያሳርፍልን፤ አንተንም ቤትህንም ቅድስት ሐና ትጠብቃችሁ። ወገቤ ደህና ነው። ያመመኝ ጭንቅላቴ ነው፣ ደብዳቤህን ካነበብኩ ወዲህ።

ቆሻሻ አልክ? ያ ቆሻሻ ዘጠኝ ክረምት ነው። አባትህ መኪናውን አዲስ ገዝቶ ካመጣበት ቀን ጀምሮ ዘጠኝ ጊዜ ከስሩ በጀርባዬ ተኝቻለሁ። ዘይቱን በየስንጥቁ፣ በየቧንቧው፣ በየበሩ ውስጥ ረጭቻለሁ። በማግስቱ አባትህና እናትህ ወደ ሐይቁ በሚወስደው ኮሮኮንች ላይ ይነዱት ነበር። አቧራው ዘይቱ ላይ ይለጠፋል፣ ይደርቃል፣ ቅርፊት ይሆናል። የመንገድ ሠራተኞቹ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል የሚበትኑት ጨው ያንን ቅርፊት አያልፍም። መኪና አቧራ ማብላት የምንለው ይሄንን ነው። ረሳኸው? በአሮጌው ፒክአፕ ጀርባ ተቀምጠህ አቧራውን የበላኸው እኮ አንተ ነህ! እንደ ወፍጮ ቤት ሰው ነጭ ሆነህ ስትመለስ እናትህ እያገላበጠች ታራግፍህ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ባሕር ዳርቻ ብትቀመጥ ይሄ ይጠፋሃል? የሠፈሩ ሰው አንተ ያንን መኪና እንዳሳጠብክ ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ አዘነልኝ።

ዘጠኝ ክረምት ያገለገለ ብረት ቢታጠብም አዲስ አይሆንም። በየመጋጠሚያው ውስጥ የቀረ ጨውና እርጥበት አለ፤ ያንን ነው ከነነፍሱ በሬንጅ የቀበርከው። ዘይት ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል። ሬንጅ የተቀባበት ቦታ ቁጭ ይላል፤ ሲሰነጠቅ ደግሞ ውሃውን አስገብቶ በር ይዘጋበታል።

በር ካልኩ አይቀር፣ በየበሩ ታች የጣት ጫፍ የምታክል ቀዳዳ አለች። በመስኮቱ የገባው ውሃ የሚወጣው በእሷ ነው። ሠራተኞችህ አራቱንም በሮች ደፍነዋቸዋል። ባለፈው እሑድ እናትህ ፊሎመን ከቅዳሴ በኋላ የሾፌሩን በር ስትዘጋው ውስጡ ውሃ ሲንቦጫረቅ ሰማሁ። እንደ ወተት ጣሳ። ሚስማር ይዤ ቀረብኩ። እጄን ያዘችኝ።

«ተወው ኦኔዚም። ሬዣን ነው ያሠራልኝ» አለችኝ።

ሚስማሩን ኪሴ ከተትኩት። እናትህ አንተ የነካኸውን ነገር ሰው እንዲነካባት አትፈልግም፤ ይሄንን ታውቃለህ። ስለዚህ ፈቃዱ ከአንተ መምጣት አለበት። ረጅም ደብዳቤ አልፈልግም። «ክፈተው» ብለህ ጻፍልኝ፤ አንዲት ቃል ትበቃኛለች። በረዶ ሳይጥል አራቱንም እከፍታለሁ።

አጎትህ ኦኔዚም

የሲሚንቶ ነጠብጣብ በሳሙናና በመጋዝ ትቢያ ይለቃል። ይሄንንም አስተምሬሃለሁ።


ሆሊዉድ
ኖቬምበር 20 ቀን 1984

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምና ጤና ለእርስዎ ይሁን። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ፤ ከኩቤክ የሚመጡት የክረምት እንግዶች መግባት ጀምረዋል፤ ሁሉም የእኔን ፊት ይፈልጋል።

የጻፉልኝን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አነጋገርዎ ከብዶኛል፤ ግን አጎቴ ነዎት፣ እታገሠዋለሁ። ስለ ቀዳዳው ሬንጁን ያለበሰው ድርጅት ጋ ደውዬ ነበር። ሥራቸው በሌላ ሰው እጅ ከተነካ ዋስትናው እንደማይሠራ በግልጽ ነገሩኝ። ስለዚህ «ክፈተው» ማለት አልችልም። እናቴም በየደብዳቤዋ መኪናው ደህና እንደሆነ ትነግረኛለች። በሩ ሲንቦጫረቅ ሰማሁ ብላ አልጻፈችልኝም።

እኔም ዝም አላልኩም። የቤቷ ጋራዥ ውስጥ ማሞቂያ አስገብቼላታለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ገጥመውላታል። ከእንግዲህ መኪናው ብርድ ላይ አያድርም፣ እሷም ጠዋት በረዶ አትጠርግም።

ዋናው ሐሳቤ ግን ሌላ ነው። ከእኛ ቤት ምድር ቤት ላይ በራሱ በር የሚገባበት ክፍል አለ። በመስኮቱ ባሕሩ ይታያል። እዚህ ጨው የሚበተንበት መንገድ የለም። ቤቱን ሸጣ ብትመጣ ሁላችንም እናርፋለን። እኔ ስነግራት ወሬ ትቀይራለች። እርስዎን ትሰማለች፤ እባክዎ ይንገሩልኝ።

ሬዣን


ሳን-ቴሎ
ጃንዋሪ 2 ቀን 1985

ሬዣን ልጄ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰህ። ድሮ በአዲሱ ዓመት ቀን የበኩር ልጅ በአባቱ ፊት ተንበርክኮ በረከት ይጠይቅ ነበር። አባትህ ካረፈ ወዲህ ሥራው እኔ ላይ ወድቋል፤ አንተም በስልክ ትጠይቀኝ ነበር። ዘንድሮ አልደወልክም። ሳትጠይቅ ባርኬሃለሁ። ስባርክህ ጥርሴን ነክሼ ስለነበር ምን ያህሉ እንደደረሰህ እንጃ፤ ጌታ ራሱ ያጣራው።

ማሞቂያ! ምን ነካህ? ጨው በብርድ ጊዜ ይተኛል፤ የሚበላው ሲሞቅ ነው። እናትህ ከመንገድ የቡና ዝቃጭ የመሰለ የጨው ጭቃ ተሸክማ ትገባለች። ጋራዥህ ያቀልጥላታል፣ ሌሊቱን ሙሉ ያጠግበዋል። አባትህ መኪናውን ውጪ ያሳድር የነበረው ሰነፍ ስለነበር መሰለህ? በረዶው ሲላላ ብቻ አውጥቶ ያጥበው ነበር፤ ቀለሙን በመከር ሰም ይቀባው ነበር፤ ጠጠር የላጠውን ቦታ በልጆች ብሩሽ እየነካ ያድነው ነበር። እህቴን ማሞቂያውን አጥፊ ብዬ ብነግራት «ሬዣን ያዝናል» አለችኝ።

የሾፌሩ በር ታች ቀለሙ ሽምብራ ሽምብራ እያከለ ተነፍቷል። ጣቴን ጫን ባደርግበት ተሰበረ። ከኋላ ፓራፋንጎው ላይም ጀምሯል። ይሄ ከላይ የሚታየው ነው፤ ሬንጁ ከስር ምን እንደደበቀ አላውቅም። መካኒክ ሆኜ አላውቅም ማለት ምን ያህል እንደሚያሳፍር ታውቃለህ? የማላየውን ነገር እንዴት ላስተካክል?

ወደ ፍሎሪዳ ስለመምጣቷ፣ ጠይቀህ ነበርና ነገርኳት። በገና ማግሥት በሥጋ የተሞላውን ዳቦ፣ ቱርትየራችንን በልተን ስንጨርስ ነው የነገርኳት። ሳህኑን አነሳች፣ አጠበች፣ አደረቀች። ከዚያ «እዚያ ኦርጋን የሚመታ ሰው ጠፋ እንዴ?» አለችና ወጣች። ያች ሴት ሠላሳ አንድ ዓመት ይሄን መንደር በኦርጋን ድራለች፣ ቀብራለች። ያ መኪና ከቆመ ኦርጋኑም ይቆማል፣ ቤቱም ይዘጋል። ይሄንን እኔም አንተም እናውቃለን። ታዲያ ለምንድን ነው እኔ ብቻ የምጮኸው?

ለሁለተኛ ጊዜ እለምንሃለሁ። አንዲት ቃል።

ኦኔዚም


ሆሊዉድ
ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1985

ለአጎቴ ኦኔዚም፣

ጤና ይስጥልኝ። በጣም ስለቸኮልኩ አጭር እጽፋለሁ።

ለበረከቱ አመሰግናለሁ፣ በጥርስ ቢሆንም። ድርጅቱ ጋ እንደገና ደወልኩ። የቀለም መነፋት በዋስትናው ውስጥ አይገባም አሉኝ፤ ሌላውን ደግሞ መኪናው ቀርቦ ሳይታይ አናውቅም ይላሉ። ተጨቃጨቅኩ፣ ስልኩን ዘጉብኝ። እኔም ደሜ ፈልቷል፤ እርስዎ ብቻ አይደሉም የተናደዱት።

ነገር ግን ለእናቴ የማላስብ አስመስለው መጻፍዎን አልወደድኩትም። በኤፕሪል መጨረሻ እንግዶቹ ሲሄዱ መጥቼ በዓይኔ አየዋለሁ። እስከዚያ ማንም አይንካው።

ሬዣን


ሳን-ቴሎ
ማርች 27 ቀን 1985

ሬዣን፣

እናትህ ደህና ናት። ይሄንን አስቀድሜ የጻፍኩት ቀጥሎ ያለውን ስታነብ ልብህ እንዳይቆም ነው። በረከቱንና ሰላምታውን ሌላ ቀን እናደርሳለን።

ባለፈው ዓርብ ለአሮጌው የፖስታ ቤት ኃላፊ ቀብር ኦርጋን ልትመታ ስትመጣ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረገጠች። ፔዳሉ ወለል ነካ። ምንም አልያዘም። የእጅ ፍሬኑን ሳበችው፤ ሽቦው ዝጎ ስለተጣበቀ አልመጣላትም። ከታች የአስከሬኑ መኪናና ግማሹ መንደር ቆሟል። ማርሹን አወረደች፣ በስተቀኝ ወዳለው የበረዶ ክምር መራችው፤ መኪናው እስከ ኮፈኑ ተቀበረ። እኔ በሩጫ ስደርስ ሁለት እጇ መሪው ላይ ነው። ያለችኝን እነግርሃለሁ።

«ለሬዣን እንዳትጽፍለት» አለችኝ።

ከዚያ ወርዳ ኦርጋኗን መታች። ማንም አልከለከላትም፤ እኔም አልከለከልኳት። አንድም ኖታ አልሳተችም። ቤቷ ስገባ ግን ጫማዋን መፍታት አቅቷት አገኘኋት። እኔ ፈታሁላት።

መኪናውን ጎትቼ ጋራዤ አስገባሁት። ሬንጅህን በመፋቂያ ስነካው የእጅ መዳፍ የሚያህል ልጣጭ ብረቱን ይዞ ወረደ። የፍሬኑ ቧንቧ ከኋላው በኩል እንደ ረጠበ ወረቀት ነበር። የሾፌሩ ወለል በሬንጁ ብቻ ነው የቆመው፤ ጣቴ አለፈው። እህቴ ለሰባት ወር እግሯን ያሳረፈችው በቀለም ላይ ነበር ማለት ነው። የሾፌሩን በር ስበሳው ሁለት ሊትር የሚሆን ቡናማ ውሃ ወረደ።

ከልጣጩ ቆርሼ በዚህ ፖስታ ውስጥ ልኬልሃለሁ። ጥቁሩ ፊቱ አንተ የከፈልክበት ነው፤ ያምራል። ገልብጠህ ጀርባውን እየው።

አሁን ደግሞ ስማኝ። ባንተ ተናድጃለሁ፣ ብዙ ተናድጃለሁ። በእሷም ተናድጃለሁ፤ በሩ ውስጥ ውሃ እንዳለ ከሴፕቴምበር ጀምሮ እየሰማች «መኪናው ደህና ነው» እያለች ስትጽፍልህ ከረመች። ከሁላችሁም በላይ የተናደድኩት ግን በራሴ ነው። ሚስማሩ ሙሉውን ክረምት ኪሴ ውስጥ ነበር። ከስሩ ገብቼ ሬንጁን አንዴ ብፋቀው ኖሮ ሁሉንም አይ ነበር። ስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ፍሎሪዳ ካለ የሞቴል ጠባቂ ፈቃድ ጠበቅኩ። እህቴ ከምትቀየመኝ ብዬ ልትሞትብኝ ነበር።

አልጻፉልኝም እንዳትለኝ። እንዳልጽፍ ተለምኜ ጽፌያለሁ።

ኦኔዚም


ሆሊዉድ
ሜይ 30 ቀን 1985

አጎቴ፣

ሁለት ወር ሙሉ እየጀመርኩ ቀደድኩት። በኤፕሪል እመጣለሁ ብዬ የቀረሁትም እንግዶች ዘግይተውብኝ አይደለም። ፊትዎን ማየት ፈርቼ ነው።

የላኩልኝ ብረት የሞቴሉ እንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ አለ። ሰው ሁሉ ምንድን ነው ይለኛል። ከባሕር የወጣ ነው እላለሁ። ዋሽቼ እንኳን ከእውነቱ አልራቅኩም፤ ያው ጨው የበላው ነው።

ለእናቴ የማልነግራትን ለእርስዎ ልንገርዎ። እኔ በየዓመቱ ኦገስት የበረንዳውን ብረት እስኪያበራ ድረስ እፍቃለሁ፣ አደርቃለሁ፣ ከዚያ ነው ቀለም የምቀባው። በዝገት ላይ ቀለም መቀባት ምን እንደሚያመጣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ በዚህ መንገድ ላይ የለም። ታዲያ ሺኩቲሚ ውስጥ ሰዎቹ ብረቱ ሳይደርቅ ሬንጁን ሲነፉበት ቆሜ አየሁ። ውሃው ይንጠባጠብ ነበር። «ይደርቅ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። በማግስቱ በረራ ነበረኝ፤ ነገሩ እንዲያልቅልኝ ፈለግኩ።

ሌላም አለ። ደብዳቤዎን ስከፍት፣ ፍሬኑ እንቢ አለ የሚለው ቦታ ስደርስ፣ ከመደንገጤ በፊት በልቤ ያለፈው «በቃ አሁን ትመጣለች» የሚል ነበር። ለዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። ግን አለፈ። እርስዎ አንዲት ቃል ሲለምኑኝ ለምን እምቢ እንዳልኩ ያን ጊዜ ገባኝ። ዋስትናው ሰበብ ነበር። መኪናው እንዲቆም ፈልጌ ነበር፤ እሷ ላይ ምንም ሳይደርስ፣ እንዲሁ አንድ ቀን እንዲቆም። ሰው በእናቱ ላይ እንዲህ ያስባል?

ስድብ ከመጣ እቀበላለሁ። ዝም ካሉኝ ግን አልችለውም።

ሬዣን


ሳን-ቴሎ
ሴፕቴምበር 22 ቀን 1985

ለሬዣን፣

ጌታ ጤናህን ይስጥህ፤ ለመጪው ወር ጉልበትህን ያጽናልህ።

ደብዳቤህን ጋራዥ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። መፍቻ ወረወርኩ። ሦስት ቀን ለማንም ሰላም አላልኩም፤ ሚስቴ በሕይወት ብትኖር ኖሮ ከቤት ታስወጣኝ ነበር። ከዚያ ደብዳቤህን ምድጃው ውስጥ ከተትኩት። ፊሎመን አላየችውም፣ አታየውምም። የጻፍከውን የምናውቀው እኔና አንተ ነን፤ እኔ ደግሞ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ ይዤው እሄዳለሁ። ሰው በእናቱ ላይ እንዲህ ያስባል ወይ ላልከኝ፣ አዎ ያስባል። ማሰብህ አይደለም ያናደደኝ። ዓመት ሙሉ ከምትሸፋፍነው አንድ ቀን ደውለህ «እማዬ፣ ናፍቀሽኛል፣ ነይ» ብትላት ምን ነበረበት? እሷም ባትመጣም በሰማች ነበር።

ስለ መኪናው። አልሞተም። በጋውን ሙሉ ስሠራው ከረምኩ። ለወለሉ ወፍራም ላሜራ ቆርጬ በየድኩት፤ የፍሬን ቧንቧው ከጫፍ እስከ ጫፍ አዲስ ነው፤ የቀረውን ሬንጅ በካቻቢቴ ጫፍ እየፈለቀቅኩ አወረድኩት፣ ጥፍሬ እስካሁን አልጠራም። አራቱን በሮች ከአደጋ መኪና አገኘሁ። አረንጓዴ ናቸው። ቡናማ መኪና ከአረንጓዴ በር ጋር፤ ሕፃናቱ ዛፍ መጣ ይላሉ። ፊሎመን ቀለም ልቀባቸው ስል ተወው አለችኝ፤ ከሩቅ ይለዩኛል ብላ። ማሞቂያውንም አጥፍታዋለች፤ አሁን ድንች ታስቀምጥበታለች።

ዘይቱን ኦክቶበር 12 እረጫለሁ፤ በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አቧራ ይበላል። አባትህ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ነበር የምትሄደው፤ መስኮቱን ሁሉ ከፍታ፣ የተፈጨ የአሳማ ሥጋ የተቀባ ዳቦዋን አጠገቧ አድርጋ። ባለፈው ሳምንት ስንት ሰው ዳቦ ላዘጋጅ ብላ ጠየቀችኝ። እኔና አንቺ፣ ሁለት አልኳት። ቆይታ የሦስት ሰው ዳቦ ከመንደሩ መጋገሪያ አዘዘች። እንደጠራሁህ ማን ነገራት አትበለኝ፤ እኔ አልነገርኳትም።

ከበሮቹ የሦስቱን ቀዳዳ ጠርጌ ከፍቻለሁ። የሾፌሩን ግን አልነካሁትም፤ አሮጌ ጭቃ ደፍኖታል። እሱን የምትከፍተው አንተ ነህ። ሚስማሩ በዚህ ፖስታ ውስጥ አለ። ሙሉ ክረምት ኪሴ ስለኖረ ትንሽ ተጣሟል፤ ይሠራል።

ከእንግዲህ በረከት በስልክ አልሰጥም፣ በደብዳቤም አልሰጥም። ጃንዋሪንም አልጠብቅም። መጥተህ እንደ ድሮው መሬት ላይ ትንበረከካለህ፤ መኪናው አጠገብ ይሁን። እግረ መንገድህን ጎንበስ ብለህ ከስሩ እየው።

አጎትህ ኦኔዚም